ማሽኑ እስኪነሣ የሚታየው ሥዕል

የካቲት 4፣ ሰኞ

ዛሬ ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነገር "አስፈሪ" ተባለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከጎሚስታው ሱቅ በላይ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ደረጃ ይወጣል። ሰው የጣላቸውን ኮምፒውተሮች እንሰበስባለን፣ አቧራቸውን እናራግፋለን፣ የሞተ ዕቃቸውን እንቀይራለን፣ ከዚያ እኔ በራሳችን ቋንቋ የሚሠራ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እጭንባቸዋለሁ። ከከርነሉ፣ ማለትም ከሲስተሙ እምብርት፣ በላይ ያለውን አብዛኛውን የገጣጠምኩት እኔ ነኝ። አሁን ለአሥራ ሁለት ጤና ጣቢያዎች ካርድ ክፍል መቶ ሃያ ማሽን ልናስረክብ ነው። የጤና ጣቢያዎቹ ኃላፊ አንዲት የካርድ ክፍል ሠራተኛ አስከትለው ሊያዩ መጡ።

ማሽኑን አበራሁት። እንደ ወትሮው በጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደል ይዘንብ ጀመር፤ ዲስክ ተገኘ፣ ኪቦርድ ተገኘ፣ መረብ ተገኘ… ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ሸርተት አድርጋ "ውይ! ምን ነካሁ?" አለች። ኃላፊው ደግሞ "ተበላሸ እንዴ?" አሉ።

ምንም አልተበላሸም። ማሽን ጤነኛ ሲሆን ነው እንዲያ የሚያወራው።

እንደሄዱ ሥራ አስኪያጃችን ጠሩኝ። በሌሉበት "ቶሎ በሉ" ነው የምንላቸው፤ ሌላ ነገር ሲሉ ሰምተናቸው ስለማናውቅ። "እስኪነሣ ድረስ ሥዕል ይታይ። የሚያምር ሥዕል። ርክክቡ መጋቢት 23 ነው። ቶሎ በሉ።"

"ሞተር ልንኩል ነው" አልኩ፣ ከቢሯቸው ወጥቼ። አጠገቤ የሚቀመጠው ዕቃ ጠጋኛችን ሰማኝ። ቀኑን ሙሉ "ኩሉ ደረሰ ወይ?" ሲለኝ ዋለ።

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ሥዕል የለም። ፊደልም የለም። ጥቁር።

ፊደሉን ደብቅ ያልኩትን ሰምቷል፤ ሥዕሉን አሳይ ያልኩትን አልሰማም። ጠጋኙ መጥቶ በአንክሮ አየና፣ "መብራት የጠፋበት ቤት ነው አይደል? ቁርጥ ራሱን!" አለኝ።

ምሳ አልበላሁም። ለአባዬ ሳልደውል ዋልኩ።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ቶሎ በሉ ሠዓሊ አመጡ። ኮምፒውተር የሚያውቅ መስሎኝ ነበር። በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ ግን ጥፍሩ ሥር ቀይ፣ ጆሮው ላይ ሰማያዊ የነካካው የታፔላ ጸሐፊ ነው። የታች ቤቱን የጎሚስታ ታፔላ የሠራው እሱ ነው፤ ጎማው እውነተኛ መስሏት አንድ ድመት ልትቧጥጠው ስትሞክር አይቻለሁ። ጠጋኙ ወዲያው "ቀለሙ" ብሎ ስም አወጣለት።

"ስፋቱ ስንት ሜትር ነው?" አለኝ።

"አንድ ሺህ ሃያ አራት በሰባት መቶ ስልሳ ስምንት ነጥብ።"

"አንዱ ነጥብ ስንት ሳንቲ ሜትር ይሆናል?"

"እንደ ስክሪኑ ነው።"

"እንግዲህ የእርስዎ ሜትር ላስቲክ ነው ማለት ነው" አለና ሳቀ።

አልሳቅኩም። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና፣ "ማሽኑ እስኪነሣ ባለችው አንድ ደቂቃ ውስጥ ምንድን ነው የሚሠራው?" ብሎ ጠየቀኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው የለም። ነገርኩት። መጀመሪያ ማሽኑ የራሱን አካል ይቆጥራል፤ ከርነሉ ይገባል፤ ከርነሉ ዲስኩን ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ ይመረምረዋል፤ አገልጋዮቹን አንድ በአንድ ይቀሰቅሳል፤ በመጨረሻ "እንደምን አደሩ" ብሎ ሰው ይቀበላል። እጄን ሳወናጭፍ የሻይ ብርጭቆ ደፋሁ።

"ጠዋት ሱቅ እንደ መክፈት ነው በሉኛ" አለ።

ሰዓቴን ሳይ አንድ ሰዓት ከሩብ ሄዷል። ሥራ አስፈታኝ። ወሬ የሚያበዛ ሰው አልወድም።

የካቲት 13፣ ረቡዕ

አባዬ ጋዜጣውን ገልብጦ ይዞ አገኘሁት። እየተቀለደብኝ መስሎኝ ሳቅኩ። እየቀለደ አልነበረም።

ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። አሁን የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኑን ሸፍኖታል፤ ቀኙ ይብሳል። ባለፈው ወር ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነበረው። "ይህን ሳምንት ሥራ በዝቶብኛል፣ ትንሽ እናሳልፈው" ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ "ምን ችግር አለ ልጄ፣ የማየውን ሁሉ አይቼ ጨርሻለሁ" አለ። አዲሱ ቀጠሮ መጋቢት 12 ነው። ሰማይ ምድር ቢደባለቅ ያን ቀን ከጎኑ ነኝ። እዚህ ላይ የጻፍኩት እንዳልረሳው ነው፤ የምረሳው ሆኖ አይደለም።

"ምን እየሠራሽ ነው ሰሞኑን?" አለኝ ራት ላይ።

"ኮምፒውተር እስኪነሣ ሰው የሚያየው ሥዕል።"

"ደግ። ዝም ብሎ ከማፍጠጥ ይሻላል።"

የካቲት 18፣ ሰኞ

ቀለሙ ሥዕሉን ይዞ መጣ። በወረቀት አይደለም፣ በላሜራ። አንድ ሜትር ከሃያ ላሜራ ላይ፣ በዘይት ቀለም፣ ሠላሳ ስምንቱን ደረጃ በትከሻው ተሸክሞ። የበራችንን ጠርዝ ላጠው። ቶሎ በሉ "በሩን!" ብለው ጮኹ፤ ሥዕሉን ሲያዩ ግን ስለ በሩ ረሱ።

የማለዳ መንገድ ነው። አንዲት ትንሽ ሱቅ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለለው የብረት በሯ ገና እንደተዘጋ። በሩ ፊት ሽርጥ ያሸረጠች ሴትዮ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች፤ ልትከፍት ነው፤ አልቸኮለችም። ሰማዩ ከታች ብርቱካን ነው፣ ከላይ ሰማያዊ። ያን ሰማያዊ እንዴት እንደምገልጸው አላውቅም።

"ደህና ነው" አልኩት።

ሰገነት ላይ አውጥተን ፎቶ አነሣነው፤ እሱ ላሜራውን ደግፎ፣ እኔ ካሜራ ይዤ። ንፋስ ሲመጣ ሥዕሉም ሰውዬውም አብረው ይንገዳገዳሉ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ማሽን ላይ ጫንኩት። በሰፊው ስክሪን ሴትዮዋ ወፍራ ቁጭ አለች። በአሮጌው አራት ማዕዘን ስክሪን ከሳች፤ መጥረጊያው ራሱ ከእሷ ይወፍራል።

"ምን አደረግሻት?" አለ ጠጋኙ። "ጠዋት ደህና አልነበረች?"

ሰው በተናገረበት ሁሉ የምስቅ ሆኛለሁ።

የካቲት 22፣ ዓርብ

ሥዕሉ ወጣ! ግን ዘግይቶ። ማሽኑ ሊነሣ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ሥዕሉ የሚታየው በአርባኛው ሴኮንድ ነው። እንግዳው ሊወጣ ሲል ወንበር እንደ ማቅረብ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሥዕሉን ዲስኩ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ዲስኩ ደግሞ የሚከፈተው ዘግይቶ ነው። ከርነሉ መጀመሪያ በሚይዛት ትንሽ ጥቅል ውስጥ መግባት አለበት። ጥቅሏ ደግሞ ጠባብ ናት፤ ሥዕሉ ወፍራም ነው።

ለቀለሙ ነገርኩት። "ቀለሞቹን መቀነስ አለብኝ።"

"ወደ ስንት?"

"አሥራ ስድስት።"

ፊቱ የታመመ ሰው ፊት ሆነ። "ከሰማያዊዬ ላይ ስንቱን ልትወስጂ ነው?"

"ሁለት ሰማያዊ እተውልሃለሁ።"

"ሦስት።"

"ሦስት" አልኩ፣ ከብርቱካኑ አንዱን ቀንሼ። በሥርዓት ተደራድረን ተጨባበጥን። እሑድ በአሥራ ስድስት ቀለም ብቻ እንደ አዲስ ሊሥለው ነው።

አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት። "አንቺ" ብሎኛል። እኔም "አንተ" ብዬዋለሁ። መቼ እንደጀመርን አላውቅም። ሥራ ሲበዛ እንዲህ ያለው ነገር አይታይም።

እህቴ ደውላ ነበር። ትልቋ ናት፤ ከሌላ ከተማ ሆና ሁላችንንም በስልክ ታስተዳድረናለች። ስለ ሥራው አጫወትኳት።

"ይሄ ሰውዬ ስንት ዓመቱ ነው?" አለችኝ።

"እኔ ስለ ሥዕሉ ነው የነገርኩሽ።"

"እሺ። ሥዕሉ ስንት ዓመቱ ነው?"

የካቲት 27፣ ረቡዕ

ሥዕሉ በሦስተኛው ሴኮንድ ይወጣል። አይወፍርም፣ አይከሳም። ጥርት ያለ ነው።

ቶሎ በሉ አዩና፣ "የሚሄድ ነገር የለውም? ሰው እየተሠራ መሆኑን በምን ያውቃል? ከታች የሚሞላ መስመር አድርጊበት" አሉ።

ማሽኑ ምን ያህል እንደቀረው ራሱም እንደማያውቅ ላስረዳቸው ሞከርኩ። አንዳንዴ ዲስኩን መመርመር አምስት ሴኮንድ ይፈጃል፣ አንዳንዴ ሁለት ደቂቃ። "ግድ የለም፣ ብቻ ይሙላ" አሉ።

ሞላሁት። መስመሩን በሰዓት አስኬድኩት። ማሽኑ ደረሰም አልደረሰም፣ በሃምሳ አምስት ሴኮንድ ጢም ይላል። አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ሁሉም አጨበጨቡ። ቀለሙ ብቻ ጠጋ ብሎ "መስመሩን ማን ነው የሚነግረው?" አለኝ።

"ሰዓቱ።"

"ማሽኑን አትጠይቂውም?"

"ይሠራል እኮ" አልኩት። ትንሽ ተቆጥቼ ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቤት ልሄድ ስል የቶሎ በሉ በር ገርበብ ብሎ በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። "ልጅቷ ጎበዝ ናት። ግን ሥራዋን ካልነኩባት ነው። ሲነኩባት ወይ ትጣላለች፣ ወይ ዝም ብላ ያሏትን ትሠራለች። ሁለቱም አይጠቅሙም።"

ደረጃውን እየቆጠርኩ ወረድኩ። ሠላሳ ስምንት ነው አሁንም።

መጋቢት 2፣ ሰኞ

አንድ ማሽን ለሙከራ ጤና ጣቢያ ወስደን ተከልን። ያቺው "ምን ነካሁ?" ያለችው የካርድ ክፍል ሠራተኛ አበራችው። ሥዕሉ ሲወጣ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "እኛ ሰፈር ያለችውን ባለ ሱቅ ትመስላለች!" መስመሩ ሞላ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ እንደምን አደሩ አለ። ሴትዮዋ "እግዜር ይስጥልኝ" ብላ መለሰችለት።

ደስ አለኝ። ለምን እንደምሸሽገው አላውቅም፤ በጣም ደስ አለኝ።

መጋቢት 6፣ ዓርብ

መጥፎ ቀን።

ለጉብኝት ብዬ ጠዋት ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ከካርድ ክፍሉ መስኮት የጀመረው ሰልፍ ግቢው በር ደርሷል። ውስጥ ገባሁ። ማሽኑ ላይ ሥዕሉ አለ። መስመሩ ጢም ብሏል። ሴትዮዋ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"መቼ አበራሽው?"

"ሁለት ሰዓት ላይ።"

ሦስት ሰዓት ከሃያ ነበር።

"ለምን አልደወልሽልኝም?"

"ሊነሣ ነው ብዬ ነዋ" አለች። "ሞልቷል እኮ። ደግሞ ሥዕሉ ሲያምር፣ ነካክቼ እንዳላበላሸው ብዬ ነው።"

ሥዕሉን ገለጥኩት። ከጀርባው ዲስኩ ሲጮህ አርፍዷል። ማንበብ አልቻልኩም፣ ማንበብ አልቻልኩም፣ ማንበብ አልቻልኩም፤ መስመር በመስመር፣ ሰማንያ ደቂቃ ሙሉ። ያ "አስፈሪ" የተባለው ፊደል ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ደቂቃ ይነግራት ነበር። እኔ አፉን በሚያምር ነገር ዘግቼበታለሁ።

ሰልፉ ላይ ትኩሳት የያዘው ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች። ካርድ በእጅ ተጽፎላት ገባች፤ ሕፃኑ ደህና ነው፣ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ግን ያን ሁሉ ጊዜ ቆማለች።

ኃላፊው አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። "እንዲህ ዓይነቱን መቶ ሃያ አልረከብም" ብቻ አሉ።

መጋቢት 7፣ ቅዳሜ

ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ላወጣው ቢሮ ገባሁ። ቀለሙ ቀድሞኝ መጥቶ አገኘሁት፤ ከአሥራ ስድስቱ ቀለም አንዷን ሊያስተካክል ነው የመጣው። የትናንቱን አልሰማም። ነገርኩት። ያሳፈረኝን ነገር በሙሉ እሱ ላይ አራገፍኩት።

"ሥዕልህ ባይኖር ይህ አይሆንም ነበር" አልኩት።

ብሩሹን ጠርጎ ኪሱ ከተተ። "ሥዕሌ አልዋሸም" አለኝ። "የምትከፍት ሴትዮ ነው የሣልኩት፤ ከፈተች አላልኩም። የዋሸው መስመሩ ነው። መስመሩን እኔ አልሣልኩትም።"

ሄደ። በቀስታ ነው በሩን የዘጋው፤ የላጠውን ጠርዝ እንኳ አልነካም።

ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው ያናደደኝ። ማሽኑን ትጠይቂዋለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ለምንድን ነው የማውቀውን ነገር ሰው ሲያዘኝ የምረሳው? ቶሎ በሉ ያሉት እኮ ይህንኑ ነው። ስጣላ ወይም ዝም ስል እንጂ "ይህ ውሸት ነው፣ በሌላ መንገድ ልሥራው" ስል አይተውኝ አያውቁም። እኔም አይቼኝ አላውቅም።

አባዬ ድምፄን ሰምቶ "ምን ሆነሻል?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። "የማላይ እንጂ የማልሰማ አይደለሁም" አለ።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ቀለሙ አልመጣም። ላሜራው ግድግዳ ተደግፎ አለ። ጠጋኙ "ሴትዮዋ እንኳ አኩርፋለች" አለኝ። ሥዕሉን አላወጣሁትም። እንዳለም አልተውኩትም። ከጠዋት እስከ ማታ ባዶ ፋይል ከፍቼ ተቀመጥኩ።

አሥራ አራት ቀን ቀረ።

መጋቢት 12፣ ሐሙስ

አባዬ ቀኝ ዓይኑን ተሠራ። ደህና ነው! መጀመሪያ ይህን ልጻፍ ብዬ ነው።

አሁን ከመጀመሪያው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደርሰን ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አሥር ሰው ይሆናል፤ ሁሉም አንድ ዓይናቸው ላይ ምልክት የተደረገባቸው። አንድ ሰውዬ በየሩብ ሰዓቱ ብቅ እያለ "ትንሽ ይጠብቁ" ይላል። አራት ጊዜ አለ። በአራተኛው አንድ ሽማግሌ ተነሥተው "ይሄ ትንሽ ስንት ነው?" ብለው ጮኹ፤ ሌሎቹም ተቀበሏቸው፤ ኮሪደሩ ተረበሸ። አባዬ ብቻ ፈገግ ይላል።

"አንተ አልተናደድክም?" አልኩት።

"እኔ ከዚያኛው ወገን ነበርኩ እኮ" አለ። "አውቶቡስ መንገድ ላይ ሲቆምብኝ፣ ተሳፋሪው መበላሸቱን ይችለዋል። የማይችለው እኔ ዝም ስል ነው። ሞተሩ ሥር ገብቼ ድምፄን ካጠፋሁ ድንጋይ ሊያነሡብኝ ይደርሳሉ። ወጥቼ 'ቀበቶው ተበጥሷል፣ መለዋወጫ አለኝ፣ አሁን እየፈታሁ ነው' ካልኩ ግን ባትሪ የሚያበራልኝም፣ ውኃ የሚያቀብለኝም አይጠፋም። ሰዓት ነግሬያቸው አላውቅም፤ ሰዓቱን እኔም አላውቀውማ። የምሠራውን ነው የምነግራቸው።"

በዚህ መሃል ነርሷ ወጣች። "አሁን አንድ ሰው ውስጥ ናቸው። መሣሪያ እያጸዳን ነው፣ ከዚያ እርስዎ፣ ከዚያ እርስዎ" እያለች በጣቷ ቆጠረች። ሽማግሌው ተቀመጡ። አንዷ ሴትዮ ዳቦ አውጥታ ለጎረቤቷ ቆርሳ ሰጠች። የተለወጠ ነገር የለም እኮ። ያው ጊዜ ነው የቀረው።

ይህን ደብተር ከቦርሳዬ አውጥቼ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። አባዬ የብዕሩን ድምፅ ሰምቶ "ስለ እኔ ነው?" አለ።

"ስለ ዲስክ ነው።"

"ይሁን" አለ። ስሙ ተጠርቶ ሲገባ ግን እጄን ጠበቅ አድርጎ ነበር የያዘኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መሪ የጨበጠ እጅ ነው። ያን ቀጠሮ ማሳለፍ አልነበረብኝም።

መጋቢት 14፣ ቅዳሜ

ቀለሙን ፈልጌ ሄድኩ። ለሥራ ነው።

አደባባዩ አጠገብ፣ አዲስ የሚከፈት መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ፣ መሰላል ጫፍ አገኘሁት። "መድኃ" ድረስ ጽፏል። ሥር ቆሜ አንገቴን አቀናሁ።

"ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት።"

"'ኒ'ን ልጨርሳትና" አለኝ፣ ዞር ሳይል።

"ኒ"ን ጨረሳት። "ት"ንም ጨረሳት። "ቤት"ን ጀመረ። ቆሜ ጠበቅኩ፤ ይገባኛል። በመጨረሻ ወረደ።

"መስመሩን የሣልኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "አንተ ጠይቀኸኝ ነበር።"

"ጠይቄሽ ነበር" አለ። ከዚያ ፊቱ ተፈታ። "አባትሽስ? ሐሙስ አልነበረም ቀጠሮው?"

ቀኑን ነግሬው እንደነበር እንኳ ረስቻለሁ። ደህና መሆኑን ነገርኩት፤ ኮሪደሩንም፣ ነርሷንም፣ አውቶቡሱንም። ማሽኑ የሚሠራውን እየተናገረ እንዲነሣ እንደምፈልግ ነገርኩት። መሰላሉ ሥር ተቀምጦ ሲሰማኝ ቆየና በብሩሹ አየር ላይ መሣል ጀመረ።

"መስመር ለምን አስፈለገሽ? በር አለሽ እኮ። ሱቅ ሲከፈት በሩ አይደል የሚነሣው? አንድ ሥራ ሲያልቅ በሩ አንድ ስንዝር ይነሣ። ካላለቀ ባለበት ይቁም። ከሥሩ የምትሠራውን ይጻፍ።"

"ዲስኩ ቢታመምስ?"

"ያኔ ሥዕሉ ይውረድ። የታመመ ሰው አጠገብ ታፔላ ምን ይሠራል? ትልቅ ፊደል ብቻ፤ ምን እንደሆነና ማንን መጥራት እንዳለባቸው።"

አፌን ከፍቼ አየሁት። ቀላል ነው። ከየካቲት ጀምሮ ፊቴ ቆሞ ነበር፣ ያ በር።

ሸሚዜ ላይ ሰማያዊ ጠብ ብሎብኛል። የሚለቅ አይመስለኝም። አሮጌ ሸሚዝ ነው፣ ግድ የለም።

መጋቢት 16፣ ሰኞ

ለቶሎ በሉ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሳልጣላ፣ ዝምም ሳልል። "መስመሩ ውሸት ነበር፤ ይኸው እውነተኛው" ብዬ ወረቀት ላይ ሣልኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዩት። "ይደርሳል?" አሉ። "ይደርሳል።" "እንግዲያው…" ብለው ጀመሩና ራሳቸው ሳቁ። ስማቸውን ያውቁታል ማለት ነው!

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

በሩ ሰባት ቦታ ላይ ተሣለ። ስድስት ሥራ፣ ስድስት ስንዝር። እያንዳንዱ ሥራ ሲያልቅ ራሱ ይናገራል፣ ያኔ ብቻ በሩ ይነሣል። በሰዓት የሚሄድ አንድም ነገር የለም።

ጠጋኙ ማሽን እንዲያበላሽልኝ ለመንኩት። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ዲስክ ይነቅላል፣ ኪቦርድ ይነቅላል፣ መረብ ይቆርጣል፤ "ይህንንስ ታውቂያለሽ?" እያለ። ሃያ ሦስት ዓይነት ብልሽት ሠራ። አሥራ ዘጠኙን ስክሪኑ በትክክል ተናገረ። አራት ይቀሩኛል።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። አባዬ! ሠላሳ ስምንቱን ደረጃ ብቻውን ወጥቶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ። "ልጄ የምትሠራበትን ቤት በዓይኔ ልየው ብዬ ነው።"

በሩ አጠገብ ወንበር ሰጠነው። ማሽኑ ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ነው። ላስጠጋው ስነሣ ማሽኑ እየተነሣ ነበር፤ አባዬ ከተቀመጠበት፣ ቀኝ ዓይኑን አጥብቦ፣ እንደ ተማሪ ፊደል በፊደል አነበበ፦

"ዲስኩን… እየመረመርኩ… ነው። ሁለት ደቂቃ… ሊቆይ… ይችላል።"

እኔ የኬብል ሳጥኑ ውስጥ የምፈልገው ነገር ነበረኝና ጎንበስ አልኩ። ብዙ ኬብል ነው ያለን። ቀለሙ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከና አብሮኝ ፈለገ።

አባዬ ከላይ ሆኖ፣ "ያ ሰማያዊ እጅ ያለው ማነው?" ሲል ሰማሁት። "እሷን ሲያይ ብሩሹን ማጠቢያው ጣሳ ውስጥ ሳይሆን ሻዩ ውስጥ ነው የነከረው።"

ዓይኑ በደንብ ድኗል። ከሚገባው በላይ።

መጋቢት 21፣ ቅዳሜ

ሃያ ሦስቱም። ሃያ ሦስቱም!! ደክሞኛል። ነገ እተኛለሁ።

መጋቢት 23፣ ሰኞ

ተረከቡ!

ኃላፊው፣ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ፣ ሌሎች አራት ሰዎች። ማሽኑ በራ። በሩ አንድ ስንዝር ተነሣ፣ "ራሴን እየፈተሽኩ ነው"። ሌላ ስንዝር። ሌላ። ሱቁ ተከፈተ፤ ውስጡ መደርደሪያና መብራት አለ፣ ቀለሙ ባለፈው ሳምንት የጨመረው። እንደምን አደሩ።

"ደግ" አሉ ኃላፊው፣ ፊታቸውን ሳይፈቱ። "አሁን ደግሞ እኔ ላበላሸው።" ማሽኑን አጠፉት፣ ጎኑን በራሳቸው እጅ ከፈቱና የዲስኩን ገመድ መዘዙት። ጠጋኙ ትንፋሹን ውጦ ሲያያቸው የሙያ ጓደኛ ያገኘ ይመስል ነበር። አበሩት።

በሩ ሁለት ስንዝር ተነሣ። ቆመ። ሴትዮዋም፣ ሱቁም፣ ሰማዩም ወረዱ። ትልልቅ ፊደል ብቻ። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ቀረብ ብላ ጮክ አድርጋ አነበበች፦

"ዲስኩን ላገኘው አልቻልኩም። ካርድ በእጅ መጻፍ ይጀምሩ። እኔን አጥፍተው በዚህ ቁጥር ይደውሉ።"

"እንግዲህ ደውሉ ካለ ልደውል" ብላ ስልኳን አወጣች። ሁላችንም ቁጥሩን ስትመታ እናያለን። የእኔ ኪስ ጮኸ።

አነሣሁት፤ ምን ላድርግ? በሁለት እርምጃ ርቀት ቆመን፣ በስልክ፣ "ጤና ይስጥልኝ" አለችኝ። "ጤና ይስጥልኝ" አልኳት። "ዲስኩን አላገኘሁትም ይላል።" "ገመዱን ያዩልኛል? ጎኑ የተከፈተ እንደሆነ…" "አዎ፣ እዚህ አንድ ትልቅ ሰው ነቅለውታል።" መጀመሪያ የሳቁት ኃላፊው ናቸው። እንባቸውን እስኪጠርጉ ሳቁ፤ ከዚያ ፈረሙ።

ቶሎ በሉ ዛሬ አንድም ጊዜ ቶሎ በሉ አላሉም። "ቀስ ብላችሁ ግቡ" ብለው ከሰዓት በፊት አሰናበቱን።

ቀለሙ ላሜራውን ሊወስድ መጣ። "ይቀመጥ" አልኩት። "ለማጣቀሻ ያስፈልገናል።" ግድግዳው ላይ፣ ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት፣ ሁለታችን ሆነን ሰቀልነው። ለማጣቀሻ።

መጋቢት 29፣ እሑድ

ሥራው አልቋል፤ ስለዚህ ቀለሙ ወደ ቢሮ የሚመጣበት ምክንያት የለም። አራት ቀን መጣ።

ዛሬ አባዬ ከተማውን ላሳየኝ አለ፤ እሱ እኔን። በመንገዱ ያለውን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብሎ እያነበበ ነው የሚሄደው። "ፀጉር ቤት! የሕንፃ መሣሪያ! ኧረ ይሄ ወፍጮ ቤት ዛሬም አለ!" ቀለሙም አጋጣሚ ሆኖ በዚያው መንገድ መሄድ ነበረበት። የራሱ ሥራ በመጣ ቁጥር አንገቱን ደፋ ያደርጋል፤ አባዬም "ይሄኛውስ? ያንተ ነው! ፊደሉ ያስታውቃል" ይለዋል።

አንድ ትንሽ ጫማ ሠሪ በር ላይ አባዬ ቆመ። "ጫማ… ጥና?" አለ። "ጥና ምንድን ነው?"

ቀለሙ ቀና ብሎ አየ። ቀልቡ ተገፈፈ። ጫማ ጥና። "ገ" የለችም። ከሁለት ዓመት በፊት ነው የሠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ እሱም፣ ጫማ ሠሪውም፣ መንገደኛውም አላየም፤ አንድ ዓይኑን የተሠራ ሰው አየ።

ጫማ ሠሪው ወጥቶ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፣ ወገቡን ይዞ ሳቀ። "ለዚህ ነዋ ሰው ሁሉ ደህና ነህ ወይ እያለ የሚጠይቀኝ!"

"መሰላል አለህ?" አለው አባዬ። አለው። ቀለሙ ወጣ። አባዬ አንዱን እግር ያዘ፣ እኔ ሌላኛውን፤ በሌላ እጄ የቀለሙን ጣሳ ወደ ላይ አቀብላለሁ። በ"ጥ" እና በ"ና" መሃል ቦታ የለም፤ ከላይ ትንሽዬ "ገ" ሣለ፣ ቀጥ ብላ ማየት እንደምትፈልግ ሕፃን በጎረቤቶቿ ትከሻ ላይ ብቅ ያለች።

"ተጣመመች?" አለኝ ከላይ።

"ተጣምማለች" አልኩት። "ተዋት። ታምራለች።"

አባዬ በድንገት ጫማው መጠገን እንዳለበት ትዝ አለውና ሱቁ ውስጥ ገባ። ብዙ ቆየ። ቀለሙ መሰላሉ መሃል ላይ ተቀምጦ አንድ ነገር ጠየቀኝ፤ እኔም መለስኩለት። እዚህ የምጽፈው አይደለም፤ የሥራ ማስታወሻ ነው ይሄ ደብተር።

ማታ እህቴ ደወለች። "ቀኑን ሙሉ ስልክሽ አይነሣም። የት ነበርሽ?"

"ሥራ ላይ።"

"እሑድ?"

"የታፔላ እርማት ነበረብን" አልኳት።

ሳቋን ማቆም ሲያቅታት ስልኩን አባዬ ተቀበለኝና ወደ ጓሮ ይዞት ወጣ። አሁንም እያወሩ ነው። "ሰማያዊ" የምትለዋ ቃል በመስኮቱ በኩል ትሰማኛለች፤ ከሦስት ጊዜ በላይ።